ድንኳን ሰባሪው ማን ነው?

ጊዜው ታኅሣሥ፣ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው የባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ነበር። የሥነ ሕይወትና የሥነ ምድር ተማሪዎች ለመስክ ትምህርት ሲወጡ፣ እኛም የአየር ጠባይ መለኪያዎችን አጠቃቀም ለማሳየት አብረናቸው ተጉዘን ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር የጠራ፣ ነፋስ የሌለበት፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ ያልወረደበት ሌሊት ነው። ማለዳ ከየድንኳናቸው የወጡት ተማሪዎች ግን ፀጉራቸው ረጥቧል፤ ብርድ ልብሳቸው ርሷል። ከመካከላቸው አንዱ «መምህር፣ ድንኳኑ እኮ ያፈስሳል! ርካሽ ነው የተገዛልን» ሲል አማረረ። «ምን ዘንቦ ነው ያፈሰሰው?» ብለን ብንጠይቀው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየና ዝም አለ።

በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ ነፋስ መጣ። እኩለ ሌሊት ላይ ከስምንቱ ድንኳኖች የሦስቱ ምሰሶ ተሰብሮ ጨርቁ በተኙት ላይ ወደቀ። በእጅ ባትሪ ብርሃን ልጆቹን እየሰበሰብን ወደ አውቶቡሱ አስገባናቸው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ብርዱ ዘልቋት ስለ ነበር በማግሥቱ ጠዋት እስክሪብቶ መያዝ ተሳናት። ውሎ አድሮ «መስክ ለእኔ አይሆንም» ብላ የትምህርት ዘርፏን መቀየሯን ሰማን። የተሰበረውን ምሰሶ ዋጋ ማወቅ ቀላል ነው፤ የዚያች ተማሪ ከመስክ መቅረት ግን በምን ይተመናል?

በአገራችን ሳይጠራ ሠርግ ቤት የሚገባ ሰው «ድንኳን ሰባሪ» ይባላል። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ሳይጠሩ የገቡብን እንግዶች ሦስት ነበሩ፤ ውኃ፣ ብርድና ነፋስ። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን በየተራ በፊዚክስ ዓይን እንመረምራለን፤ ከዚያም ርካሽ ድንኳን፣ ጥራት ያለው ድንኳንና ተራ ሸራ ከሚባሉት ሦስት አማራጮች መካከል ተማሪውም ሆነ ፋካልቲው የትኛውን ይምረጥ በሚለው ላይ ያለንን አስተያየት እናቀርባለን። ከመነሻው ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ «ርካሹ ይሻላል ወይስ ውዱ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቦታውን የሳተ ነው ብለን እናምናለን። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «በምንሄድበት ቦታ፣ በዚያ ሌሊት፣ የትኛው እንግዳ ይመጣብናል?» የሚለው ነው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና።

ውኃው ከየት መጣ?

ሰው ተኝቶም ሳለ ውኃ ያተንናል። በትንፋሹና ሳይታወቀው በቆዳው በኩል የሚወጣው ውኃ በቀን 800 ግራም ያህል ይደርሳል። ስለዚህ በስምንት ሰዓት እንቅልፍ አንድ ሰው 250 ግራም ያህል፣ ሦስት ሰዎች ደግሞ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ውኃ በተን መልክ ወደ ድንኳኑ አየር ይለቅቃሉ። አሁን ድንኳኑን እንመልከት። «ለሦስት ሰው» ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ድንኳን የሚይዘው አየር 3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የሙቀት መጠኑ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ተን ደግሞ ከ7 ግራም አይበልጥም። እንግዲህ ሦስቱ ሜትር ኩብ በአንድ ጊዜ የሚሸከሙት 21 ግራም ብቻ ነው። 750 ግራሙ የት ይግባ? የድንኳኑ አየር በሌሊቱ ውስጥ ቢያንስ 35 ጊዜ ያህል በአዲስ አየር ካልተተካ በስተቀር የተረፈው ተን ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ያርፍበታል። የሚያርፍበትም የድንኳኑ ጨርቅ ነው።

ጨርቁ ለምን እንዲህ ይቀዘቅዛል? በጠራ ሌሊት ወደ ሰማይ የተገለጠ ነገር ሁሉ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ላይ ይልካል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስና ደረቅ በመሆኑ ከሰማይ ተመልሶ የሚመጣው ጨረር ጥቂት ነው። አንድ ሜትር ካሬ ጨርቅ የላከውና የተቀበለው ተቀናንሶ የሚያጣው ሙቀት ወደ 100 ዋት ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጨርቁ ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። በኅዳር ማለዳ ሜዳ ላይ ያደረ መኪና ጣራው በውርጭ ሲሸፈን፣ ዛፍ ሥር ያደረው ግን ደርቆ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛፉ ለመኪናው ከሰማዩ የሞቀ ጣራ ሆኖለታል ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ተማሪያችን የከሰሰው ድንኳን ንጹሕ መሆኑን ነው። ያፈሰሱት ተኝተው የነበሩት ሦስቱ ራሳቸው ናቸው። ብርዱን ፈርተው ቀዳዳውን ሁሉ በዚፕ ዘግተውት ነበርና። ውድ ድንኳንም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ እርሱም ይረጥባል። ልዩነቱ ውኃው በሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ጥሩ ድንኳን ሁለት ድርብ ነው። ትንፋሽ የሚያሳልፍ የውስጥ ጨርቅና ውኃ የማያሳልፍ የውጭ ልባስ አለው፤ በሁለቱ መካከልም አየር የሚመላለስበት ክፍተት ይገኛል። ጤዛው የሚይዘው በውጭው ልባስ ላይ ስለሆነ ተንሸራትቶ ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ የተኛውን ሰው አይነካም። በርካሾቹ ዘንድ ግን ልባሱ ብዙ ጊዜ እንደ ቆብ አናት ላይ ብቻ የሚቀመጥ ነው፤ አንዳንዶቹም ጭራሹኑ ነጠላ ናቸው።

ከላይ ስለሚመጣው ዝናብ ደግሞ እንነጋገር። የድንኳን ጨርቅ ውኃ የመከላከል አቅም የሚለካው በውኃ ዐምድ ቁመት ነው። «1,500 ሚሊሜትር» የሚል ጽሑፍ ብታነቡ፣ ጨርቁ ማሳለፍ እስኪጀምር ድረስ የአንድ ሜትር ተኩል ቁመት ውኃን ግፊት፣ ማለትም 15 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ ተሸክሟል ማለት ነው። ለተራ ዝናብ ይህ በቂ ነው። እንዲያውም የጨርቁ ተዳፋትነት ከቁጥሩ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። የጎጆን ክዳን አስተውሉ። አንዲት ሰበዝ ሣር ብቻዋን ውኃ አትከለክልም፤ ነገር ግን ጣራው ቀጥ ብሎ የወረደ በመሆኑ ውኃው ሰርጎ ለመግባት ጊዜ ሳያገኝ ይወርዳል። የረገበና ውኃ ያቆረ ድንኳን ግን ጨርቁ ምንም ቢወደድ የተከማቸው ውኃ ክብደት ያንኑ እያረገበው ይሄዳል። በርካሽ ድንኳን ውኃ ቀድሞ የሚገባውም በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ቀዳዳ ነው። በጥሩዎቹ ላይ ስፌቱ ከውስጥ በኩል ውኃ በማያስገባ ጥብጣብ ታሽጎ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወለሉን ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ተኝቶ ሳለ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ጨርቁ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አነስተኛ ነው። ይኸው ሰው ቢንበረከክና ከክብደቱ 500 ኒውተን ያህሉ በ50 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ቢያርፍ ግን ግፊቱ 100 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም የ10 ሜትር የውኃ ዐምድ ግፊት ይሆናል። እርጥብ መሬት ላይ የተንበረከከ ሰው ጉልበቱ የሚርሰው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከወለሉ ሥር አንድ ተጨማሪ የፕላስቲክ ሸራ ማንጠፍ ይበቃል። ሸራው ግን ከድንኳኑ ጠርዝ ወጣ ማለት የለበትም፤ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ሥር ያስገባዋል።

ሙቀቱ ወዴት ሄደ?

ተማሪዎቻችን ድንኳን ሲገዙ «ይሞቃል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ «አይሞቅም» ነው። የድንኳን ጨርቅ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ክፋይ ብቻ በመሆኑ ሙቀትን የመያዝ አቅሙ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ድንኳን ነፋስንና ዝናብን ይከለክላል፤ የሚያሞቀው ከሰውነታችን የሚወጣው ሙቀት፣ ያንንም የሚጠብቀው ልብሳችንና ፍራሻችን ነው።

ስሌቱን እንሥራ። የተኛ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት ከ70 እስከ 80 ዋት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ስፖንጅ ላይ ተኝቷል፣ መሬቱን የሚነካው የሰውነቱ ስፋትም ግማሽ ሜትር ካሬ ነው እንበል። በሰውነቱና በመሬቱ መካከል የ25 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ በስፖንጁ በኩል ብቻ ወደ መሬት የሚሄደው ሙቀት 50 ዋት ያህል ይሆናል። ይህ ሰው ከሚያመነጨው ሙቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ተራራ ለማሞቅ እያዋለው ነው ማለት ነው! የስፖንጁ ውፍረት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ከላይ የሚደረብ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ግን ለዚህ ኪሳራ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ያለው ተማሪ ከድንኳኑ በፊት ከጀርባው ሥር ለሚሆነው ነገር ያስብ እንላለን።

ይህን ጥበብ ተክሎችም ያውቁታል። በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ከሚበቅሉት ግዙፍ ተክሎች አንዳንዶቹ ሌሊት ሲሆን ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው እምቡጣቸውን ይሸፍናሉ፤ ጠዋት ደግሞ ይዘረጋሉ። እሳት አያነዱም፤ ያላቸውን ሙቀት በጨረር እንዳያጡ ይከናነባሉ እንጂ።

እሳትን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። በድንኳን ውስጥ ከሰል ማንደድ ከቶ አይገባም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ብርታት ነው። «ጭሱ ወጥቶለታል፤ ፍም ሆኗል» የሚለው ማጽናኛ ስንቱን ቤተሰብ በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ ቀጠፈ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በውርጭ የረጠበና የጠበበ ድንኳን ደግሞ ከቤት የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም።

ነፋሱ ምን ያህል ይገፋል?

ነፋስ አንድን ገጽ የሚገፋበት ግፊት የአየሩ እፍጋት ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 0.82 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ካለው በሲሶ ያነሰ ነው። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ በካሬ መግባቱን አንርሳ። ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው የድንኳን ጎን 2 ሜትር ካሬ ቢሆን፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 82 ኒውተን ያህል፣ ማለትም እንደ 8 ኪሎ ግራም ሸክም ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ በሰከንድ 20 ሜትር ሲደርስ ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ሆኖ ከ33 ኪሎ ግራም ሸክም ጋር ይስተካከላል። ያውም ነፋስ እንደ ድንጋይ ተጭኖ ዝም አይልም፤ ይገፋል፣ ይለቅቃል፣ ደግሞ ይገፋል።

በዚህ ላይ ርካሹና ጥሩው ድንኳን በእርግጥ ይለያያሉ። የርካሹ ምሰሶ ፋይበር ግላስ ነው። እስከ አንድ ደረጃ ይለመጣል፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪውም ጨርቁን ይቀድዳል። የጥሩው ምሰሶ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ቢበዛበት ይጎብጣል እንጂ ብዙ ጊዜ አይበጣጠስም፤ ቢሰበርም በአጭር ቱቦ ተጣምሮ ሌሊቱን ያሳድራል። ሁለተኛው ልዩነት የምሰሶዎቹ አቋቋም ነው። አንድ ምሰሶ በቁመቱ ተጭኖ የሚጎብጥበት ኃይል በነጻው ርዝመቱ ካሬ ይወሰናል፤ ነጻውን ርዝመት በግማሽ ብንቀንሰው ብርታቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ምሰሶዎቹ በብዙ ቦታ እየተሻገሩ የሚጠላለፉበት ክብ ድንኳን ነፋስን የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ኖርዝ ፌስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካዊውን የቡክሚንስተር ፉለርን የጉልላት አሠራር ሐሳብ ተከትሎ ያወጣው ድንኳን በዚህ መንገድ ፈር ቀዳጅ ነበር።

ይሁንና ጥፋቱ ሁልጊዜ የድንኳኑ አይደለም። ለዶክትሬት ትምህርት በኖርዌይ ሳለን ከተማሪ ኪሳችን ጋር የሚስማማ ርካሽ ድንኳን ገዝተን ከጓደኞቻችን ጋር ወደ ተራራ ወጥተን ነበር። ሌሊት ነፋሱ ምሰሶውን ሰበረው፤ በዝናብ ውስጥ ለብዙ ሰዓት በእግራችን ወረድን። ስንመለስ ሻጩን ልንወቅስ ተነሣን። ዕቃውን ስናራግፍ ግን የድንኳኑ አውታሮች በፋብሪካ እንደ ተጠቀለሉ ከከረጢቱ ውስጥ አገኘናቸው። አላወጣናቸውም ነበር! በዚያ ላይ ድንኳኑን የተከልነው በጉብታ አናት ላይ፣ ሰፊውን ጎኑን ለነፋሱ ሰጥተን ነበር። የፊዚክስ ዶክትሬት የሚማር ሰው ይህን ማድረጉ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። የካስማና የአውታር ሥራ ምሰሶው ብቻውን የሚሸከመውን ኃይል ለመሬት ማካፈል ነው፤ ያለ አውታር የተተከለ ድንኳን ወገን እንደሌለው ሰው ነው።

በሳነቴ ግን ከዚህ ተምረን አውታሮቹን ሁሉ ወጥረን ነበር፤ ጠባቡንም ጎን ለነፋሱ ሰጥተናል። ሦስቱ ተሰበሩ። እንግዲህ እውቀት ለርካሽ ዕቃ ብዙ ይጨምርለታል፤ ነገር ግን የሚያቆምበት ወሰን አለው። ከዛፍ ወሰን በላይ ባለ ገላጣ አምባ ላይ ብልሃት የአሉሚኒየም ምሰሶን አይተካም።

ሸራን ስለ መናቅ

ሦስተኛው አማራጭ፣ ተራው ሸራ፣ በተማሪዎቻችን ዘንድ የተናቀ ነው። የችግር ጊዜ መጠለያ፣ የገበያ ጥላ ተደርጎ ይታያል። እኛ ግን ከሦስቱ ይበልጥ ፊዚክስን የሚያስተምረው እርሱ ነው እንላለን። ሸራ ግድግዳ ስለሌለው ከትንፋሽ የሚመጣው ተን እንደ ልቡ ይወጣል፤ ከራስ በላይ ከሰማዩ የሞቀ ጣራ ስለሚሆን በጨረር የሚጠፋውን ሙቀት ይቀንሳል፤ ክብደቱም ሆነ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሲቀደድ ይጣፋል። ቅርጹንም እንደ ነፋሱ መለዋወጥ ይቻላል። በሁለት ዛፍ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ እንደ ጎጆ ጣራ ሊዘረጋ፣ አልያም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እስከ መሬት ወርዶ በሌላው በኩል ሊከፈት ይችላል። የማዕዘኑ ቀለበት ቢበጠስ እንኳ በጫፉ ላይ ድቡልቡል ጠጠር ጠቅልሎ አንገቱን በገመድ ማሰር ከቀለበቱ የማያንስ መያዣ ይሆናል።

ጉድለቱንም አንሸሽግም። ሸራ ተባይን፣ ትንኝንና ጊንጥን አይከለክልም። አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ነፋስ ዝናቡን ከጎን ያስገባዋል። ከሁሉም በላይ ሸራ አዋቂ ይፈልጋል፤ ቋጠሮ የማያውቅና የመሬቱን አቀማመጥ የማያነብ ሰው ከሥሩ ተኝቶ ይበሰብሳል።

ታዲያ የቱ የት ይሁን?

ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን ምርጫውን እንደሚከተለው እናስቀምጠዋለን።

በቆላና በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በአዋሽ ፓርክ ወይም በአርባ ምንጭ አካባቢ፣ ዋናው ጠላት ትንኝ እንጂ ብርድ አይደለም። በአገራችን የወባ ሥርጭት በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ነው። በዚያ ሸራ ከላይ ተወጥሮ አጎበር ከሥሩ ቢሰቀል ከታፈነ ርካሽ ድንኳን በእጅጉ ይሻላል፤ አየሩም ይመላለሳል።

በወይና ደጋና በደጋ ደን ውስጥ፣ እንደ መናገሻ ሱባ ባለ ስፍራ፣ ዛፉ ነፋሱን ይሰብረዋል። ርካሽ ድንኳን ከላዩ ሸራ ተወጥሮለት፣ ከወለሉም ሥር ሌላ ተነጥፎለት በቂ ነው። ሸራው ከድንኳኑ አናት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ከተጣበቀ አየር አያልፍም፤ ተኑም መውጫ ያጣል።

በሰሜን ተራሮች እንደ ግጭና ጨነቅ ባሉ ሰፈሮች ወይም በሳነቴ አምባ ላይ ለማደር ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው። ወይ ጥራት ያለው ድንኳን መያዝ፣ ወይ ቀን በአምባው ውሎ ለማደር ወደ ዛፉ ወሰን መውረድ። መውረድ ሽንፈት አይደለም። ኖርዌጂያውያን በተራራ ሕጋቸው ከመንገድ መመለስ እንደማያሳፍር ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎችን እናውቃለን። የመጀመሪያው «አባቶቻችን በጋቢ አይደለም እንዴ ዱር ያደሩት?» የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የደጋው እረኛ ነፋስ በሚነፍስበት ገላጣ ላይ አያድርም። የድንጋይ ጥግ ያውቃል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወርዶ የሚተኛበትን ጎድጓዳ ቦታ ይሸሻል፤ ሰማዩን አይቶ ይወርዳል። እርሱ ከጋቢው ጋር የያዘውን እውቀት ሳይይዙ ጋቢውን ብቻ መጥቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ለሰው ሕይወት ዋጋ አይወጣለትም፤ ውዱን ብቻ እንግዛ» የሚል ነው። ይህም ከቅን ልቦና የመነጨ ነው። ውጤቱ ግን ገንዘቡ ለአራት ድንኳን ብቻ በቅቶ፣ ከአርባ ተማሪ አሥራ ሁለቱ ብቻ መስክ መውጣታቸው ነው። የቀሩት ሃያ ስምንቱ ተራራውን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሊያዩት ነው።

ስለ ጨረታው አንድ ቃል

ስለዚህ መፍትሔው ከገበያው ሳይሆን ከአደረጃጀታችን የሚመጣ ይመስለናል። የሳይንስ ክፍሎች በየፊናቸው ጥቂት ርካሽ ድንኳን እየገዙ በየዓመቱ ከሚጥሉ፣ በጋራ አነስተኛ ቁጥር ያላቸውን ጥሩ ድንኳኖች ገዝተው እንደ ቤተ መጻሕፍት በተራ ቢዋዋሱ ይበጃል። ወደ ደጋው የሚሄደው ክፍል ጥሩዎቹን ይወስዳል፤ ወደ ቆላው የሚወርደው ሸራና አጎበር ይበቃዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሀብታም በሆነችው በኖርዌይ እንኳ ልጆችና ወጣቶች የስፖርትና የመስክ ዕቃ እንደ መጽሐፍ በነጻ የሚዋሱባቸው ማዕከሎች አሉ። በየሰፈራችን ያለው ዕድርም አንድ ድንኳን በጋራ ገዝቶ ለደረሰበት ሁሉ ማዋስን ያውቅበታል። ሰፈርተኛው የሚያውቀውን ዩኒቨርሲቲው ይሳነዋልን?

ከዚያም የጨረታው ሰነድ ይስተካከል። «ድንኳን፣ ለሦስት ሰው» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ቢያሸንፍ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ የጠየቅነውን ነው ያገኘነው። ልባሱ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ስፌቱ የታሸገ፣ ምሰሶው የአሉሚኒየም ቅይጥ የሆነ፣ አውታርና መለዋወጫ ምሰሶ ያለው፣ ቢያንስ 1,500 ሚሊሜትር የውኃ ዐምድ የሚችል ተብሎ ይጻፍ። ያን ጊዜ ርካሹ ቢያሸንፍም አያስፈራም።

የመጨረሻውን ቁጥር ሻጩ ስለ ነገረን ብቻ ማመን አያስፈልግም። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ግልጽ ቱቦ ውሰዱ፤ አንዱን አፉን በድንኳኑ ጨርቅ ሸፍናችሁ በጎማ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ አቁማችሁ ቀስ በቀስ ውኃ ሙሉበት። በጨርቁ ላይ ጠብታዎች ብቅ ማለት ሲጀምሩ የውኃውን ቁመት በሜትር ለኩ። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው፤ ለመንግሥት ገንዘብም ከብዙ ማኅተም የበለጠ ጠባቂ ነው።

ዕቃው ከተገዛ በኋላም ሳይደርቅ ተጠቅልሎ አይቀመጥ። ርጥበት ውኃ የሚከለክለውን ቅብ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የሚጣበቅና የሚሸት ድንኳን ካያችሁ ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ለቀናት አስጥቶ መተውም እንዲሁ ክሩን ያደክመዋል።

በተከታዩ ዓመት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወደ ባሌ ተመልሰን ነበር። ባለፈው ዓመት «ያፈስሳል» ብሎ የከሰሰን ተማሪ አሁን ረዳት ሆኖ መጥቷል። ከአምባው ወርደን፣ በአስታ ዛፎች መካከል፣ ከተረፉት ከነዚያው ርካሽ ድንኳኖች አንዱን ተከለው፤ ከላይ ሸራ ወጠረበት፤ ማታም የአየር ማስገቢያዎቹን ከፍቶ ተኛ። ማለዳ በእጁ ጨርቁን ዳሰስ አድርጎ «መምህር፣ ዘንድሮ አላፈሰሰም» አለን። ድንኳኑ ያው ነበር።

ያቺን ዘርፏን የቀየረች ተማሪ ግን ይህ ሁሉ አልደረሰላትም። በሚቀጥለው የግዥ ወቅት የድንኳን ዝርዝር ወደ ክፍላችሁ ሲመጣ፣ ከመፈረሙ በፊት ቱቦውንና የውኃውን ባልዲ ይዛችሁ እንድትገኙ ተማሪዎቻችንን አደራ የምንለው ስለ እርሷ ነው።